በኩላሊት ምርመራ ወረቀት ላይ «ጥቁር ከሆነ» የሚለው መስመር ከየት መጣ፣ ለምንስ ጠፋ?

ጥያቄው፦ «አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ሜሪላንድ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የደም ግፊት አለባቸው። በ2020 የተሰጣቸው የላብራቶሪ ወረቀት የኩላሊታቸውን ውጤት በሁለት መስመር ጽፎታል፤ ‘አፍሪካን አሜሪካን ከሆነ 53’፣ ‘ካልሆነ 45’ ይላል። ባለፈው ወር የወጣው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 47። ክሪያቲኒናቸው ሁለቱም ጊዜ 1.6 ነው። ኩላሊታቸው ደከመ ማለት ነው? ደግሞስ እኛ ኢትዮጵያውያን የትኛው መስመር ላይ ነበርን? አንድ ወዳጃችን ‘መስመሩን ያወጡት ለፖለቲካ ብለው ነው’ ይላል።»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ ቁጥሮቹን እናስታርቃቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የአባትዎ ክሪያቲኒን ያኔም አሁንም 1.6 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ፣ ስድስቱ ነጥብ የወረደው ደማቸው ላይ በታየ ለውጥ አይደለም። በ62 ዓመታቸው የድሮው ቀመር «ለጥቁር» 53፣ «ለሌላው» 45 አወጣ። ያው ቀመር ዛሬ በ67 ዓመታቸው ቢሠራበት 51 እና 44 ይሰጣል፤ ቀመሩ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ስለሚቀንስ ነው። ከ51 ወደ 47 ያወረደው ደግሞ ላብራቶሪው በመሃል ቀመር መለወጡ ነው። የ2020ው ደም በአዲሱ ቀመር ቢሰላ 48 ይሆን ነበር። ስለዚህ መነጻጸር ያለባቸው 48 እና 47 ናቸው፤ በአምስት ዓመት አንድ ነጥብ፣ እሱም ከዕድሜ የመጣ።

ይህ ማለት ግን ኩላሊታቸው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ከ60 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ውጤት ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል፤ ከ45 እስከ 59 ያለው ደረጃ 3ኤ ነው። አባትዎ በድሮውም በአዲሱም ወረቀት እዚያው ደረጃ ላይ ናቸው። ምን መደረግ እንዳለበት ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

ወረቀቱ ላይ ኢጂኤፍአር ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ተለክቶ የተገኘ አይደለም፤ ግምት ነው። የኩላሊትን የማጣራት አቅም በትክክል ለመለካት እንደ አዮሄክሶል ያለ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና ለሰዓታት ደም እየተቀዳ ምን ያህል ፈጥኖ ከሰውነት እንደሚወጣ ይታያል። ይህን ለእያንዳንዱ ታካሚ ማድረግ ስለማይቻል በደም ውስጥ ያለው ክሪያቲኒን ይለካል። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ችግሩ መጠኑ በኩላሊት ብቻ አለመወሰኑ ነው። ጡንቻው የዳበረ ወጣትና ሰውነታቸው የከሳ አዛውንት እኩል ክሪያቲኒን ቢኖራቸው የሽማግሌው ኩላሊት ይበልጥ ደክሟል ማለት ነው። ዕድሜና ጾታ ወደ ቀመሩ የገቡት ለዚህ ነው።

ዘር የገባው በ1999 ነው። ያኔ በአሜሪካ ኤምዲአርዲ የሚባል ቀመር ወጣ፤ የተሠራው 1,628 የኩላሊት ሕሙማን ላይ ሲሆን ከእነሱ ጥቁር የነበሩት 197 ናቸው። አጥኚዎቹ በእኩል ክሪያቲኒን የጥቁሮቹ የተለካ የማጣራት አቅም በአማካይ ከፍ ብሎ አገኙትና ማባዣ ጨመሩ። በሰፊው ሥራ ላይ በዋለው የቀመሩ ቅጂ ማባዣው 1.212 ነው፤ ማለትም ታካሚው ጥቁር ከተባለ ውጤቱ በ21 በመቶ ከፍ ይላል። በ2009 የወጣው ሲኬዲ-ኢፒአይ የተባለው ተተኪ ማባዣውን ወደ 1.159 አወረደው፤ የአባትዎ 45 በዚህ ሲባዛ ነው 53 የሆነው። በ1976 ከወጣውና ዛሬም ለመድኃኒት መጠን ከሚያገለግለው የኮክሮፍት-ጎልት ቀመር ግን እንዲህ ያለ ማባዣ የለም።

ልዩነቱ ለምን ተገኘ ሲባል የተሰጠው ምክንያት «ጥቁሮች በአማካይ የበለጠ ጡንቻ አላቸው» የሚል ነበር። የተጠቀሱለት ማስረጃዎች ስስ ነበሩ፤ ቀመሩ የተሠራባቸውን ሰዎች ጡንቻ ለክቶ ልዩነቱን ያስረዳ አልነበረም። ጡንቻ ከሆነ ምክንያቱ ደግሞ ጡንቻውን መለካት፣ ወይም በጡንቻ ብዙም የማይዛባ ሌላ ምርመራ መጠቀም ይቻል ነበር። አንድ ቀጭን የጎንደር ገበሬ እና አንድ የጆርጂያ እግር ኳስ ተጫዋች በአንድ ማባዣ የሚባዙበት ምክንያት በጡንቻ ቋንቋ ሊነገር አይችልም።

ምክንያቱ እንዲህ ስስ ሆኖ ሳለ ለምን ሳይጠየቅ አለፈ? እዚህ ላይ ታሪኩ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ነገሩ አንድ የስሌት ስህተት ብቻ ይመስላል።

በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን በ1780ዎቹ ስለ ቨርጂኒያ ሲጽፍ ጥቁሮች በኩላሊታቸው የሚያስወግዱት ከነጮች ያነሰ፣ በቆዳ ዕጢዎቻቸው የሚያስወግዱት የበለጠ ነው ብሏል፤ የሳንባቸውም አሠራር ምናልባት የተለየ ሊሆን ይችላል ሲል አክሏል። አንድም ኩላሊት አልተለካም። የሚናገረው በባርነት ይዟቸው ስለነበሩ ሰዎች ነው። በ1851 ደግሞ ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ የደቡብ ሐኪም፣ ከባርነት መሸሽን በሽታ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው፣ የጥቁሮች ሳንባ ከነጮች 20 በመቶ ያህል ያነሰ አቅም አለው አለ። ከዚያ ያወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው፤ የግዳጅ ሥራ ለደማቸው ይበጃቸዋል። የተጠቀመበት መሣሪያ ስፓይሮሜትር ነበር፤ በ1840ዎቹ በእንግሊዝ ጆን ሃቺንሰን የሠራው የትንፋሽ መለኪያ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1869 ቤንጃሚን ጉልድ የብዙ ሺህ ወታደሮችን ልኬት አሳተመ፤ የጥቁር ወታደሮች ትንፋሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከባርነት ገና መውጣታቸው፣ ያደጉበት ረሃብና በሽታ በስሌቱ አልገባም። የቀረው ቁጥሩ ነው።

ያ ቁጥር በአንድ መልክ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የሳንባ ምርመራ መሣሪያዎች የታካሚው ዘር ሲገባላቸው የ«ጤነኛ ጥቁር» መጠበቂያ ልክን ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ያደርጉ ነበር። ውጤቱ ተጨባጭ ነው፤ ሳንባው የተጎዳ ጥቁር ሠራተኛ «ለጥቁር ደንበኛ ነው» ይባላል። በ1999 በባልቲሞር በአስቤስቶስ (ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ክስ የተከሰሰ አንድ የኢንሱሌሽን አምራች ጠበቆች ጥቁር ከሳሾች ካሳ ለማግኘት ከነጮች የባሰ የትንፋሽ ውጤት ማሳየት አለባቸው ብለው የተከራከሩት ይህን ተመርኩዘው ነው። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ዘር የሌለበትን መለኪያ እንዲሠራበት የመከረው በ2023 ነው። በአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ የአንጎል ጉዳት ካሳም ተመሳሳይ አሠራር ነበር፤ ጥቁር ተጫዋቾች ከጅምሩ ዝቅ ያለ የማሰብ ችሎታ እንደነበራቸው ተቆጥሮ ጉዳታቸው ይመዘን ነበር፤ እንዲቀር ስምምነት የተደረሰው በ2021 ነው።

የ1999ኙን ቀመር የሠሩ ሰዎች ካርትራይት አይደሉም፤ እንደዚያ ማለት ትክክልም ፍትሕም አይሆንም። እጃቸው ላይ ልዩነት የሚያሳይ መረጃ ነበር። ነገር ግን «የጥቁር አካል ሌላ ነው» የሚለው ማብራሪያ ሁለት መቶ ዓመት ሲነገር የኖረ ስለነበር ማንም እንፈትሸው አላለም። የገቢ፣ የምግብ፣ የመድኃኒት ልዩነት ቢቀርብ ኖሮ ማስረጃ ይጠየቅበት ነበር።

ማባዣው የሚጎዳው ወዴት እንደሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል። ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርግ «ጥሩ ውጤት» ይመስላል። ምሳሌ እንውሰድ፤ 55 ዓመት የሆነው ወንድ፣ ክሪያቲኒን 3.6። በ2009ኙ ቀመር ጥቁር ካልሆነ 18፣ ጥቁር ከሆነ 21 ይወጣል። በአሜሪካ ከሟች ለጋሽ ኩላሊት ለማግኘት የወረፋ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ወይ ኢጂኤፍአር 20 ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ፣ ወይ እጥበት ሲጀመር ነው። ያው ደም፣ ያው ዕድሜ፣ አንደኛው ዛሬ ወረፋ ይይዛል፤ ሌላው ኩላሊቱ እስኪብስ ይጠብቃል። ወደ ኩላሊት ሐኪም መላክ፣ ለእጥበት የደም ሥር ማዘጋጀት፣ የሥነ ምግብ ምክር ማግኘት፣ ሁሉም በዚሁ ቁጥር ስለሚወሰኑ ሁሉም ይዘገያሉ። ይህ የሆነው ደግሞ ጥቁሮች በእጥበት ላይ ካሉ አሜሪካውያን ከ30 በመቶ በላይ በሆኑበት አገር ነው፤ ከሕዝቡ ድርሻቸው 13 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ።

አሁን ወደ ወዳጅዎ አባባል። በቦስተን ቤት እስራኤል ዲያቆነስ ሆስፒታል ማባዣውን የተወው በ2017 ነው፤ በ2020 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተከተለ። በብዙ ቦታ ጥያቄውን ያነሱት የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። በዚያው በ2020 የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽንና የአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር የጋራ ግብረ ኃይል አቋቋሙ፤ በመስከረም 2021 የመጨረሻ ሪፖርቱ ወጣ። ጥቁሩ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ የሞተበት ዓመት ግፊት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ውሳኔው ግን በስሌት ላይ የቆመ ነው፤ ማባዣውን ሰርዞ ሁሉንም ሰው «ነጭ» ከማድረግ ይልቅ ቀመሩ ዘር ሳይገባበት ከመረጃው እንደ አዲስ ተሠራ።

ያም ሆኖ «አሁን ተስተካከለ» የሚሉትም ጥቂት ያጋንናሉ። የድሮው ቀመር ከማባዣው ጋር ጥቁሮችን ከእውነተኛው ልኬት በመካከለኛ ዋጋ 3.7 ነጥብ ከፍ አድርጎ ይገምት ነበር። አዲሱ የክሪያቲኒን ቀመር ጥቁሮችን 3.6 ዝቅ፣ ጥቁር ያልሆኑትን 3.9 ከፍ አድርጎ ይገምታል። ስህተቱ አልጠፋም፤ ተከፋፍሏል። ከዚያም በላይ ማንኛውም የክሪያቲኒን ቀመር ከመቶ ሰው ለ85 እስከ 90 ያህሉ ብቻ ነው ከእውነተኛው ልኬት በ30 በመቶ ክልል ውስጥ የሚወድቀው። የአባትዎ 47 ማለት በአብዛኛው ከ36 እስከ 67 ባለው ውስጥ የሆነ ቦታ ማለት ነው። ሰዎች ስለ 3 ነጥብ ሲጨቃጨቁ ይህን ይረሱታል።

የትኛው መስመር ላይ ነበራችሁ? በተግባር መልሱ የተመካው መዝገብ ላይ ማን ምን እንደጻፈ፣ ወይም ሐኪሙ ሲያያችሁ ምን እንዳሰበ ላይ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ነጭ የሆነ ልጅ በየትኛው ይሰላ ነበር? ግማሽ ማባዣ የሚባል ነገር አልነበረም። በሳይንሱ ደግሞ ማባዣው የወጣው አሜሪካ ውስጥ ከሚኖሩ፣ አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው ከምዕራብ አፍሪካ ከሆነ ጥቁሮች ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኮትዲቯርና በኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ በአፍሪካውያን ላይ ሲፈተሽ ቀመሩ ያለ ማባዣው ይበልጥ ተስማምቷል። ከአሜሪካ ጥቁሮች ተወስዶ ለአፍሪካውያን የተሰጠው ማባዣ ለአፍሪካውያኑ አልሠራም ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያንን በተመለከተ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አለ። ኤፒኦኤል1 በተባለው ዘረ መል ላይ ጂ1 እና ጂ2 የተባሉ ሁለት ለውጦች አሉ፤ በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፉት ከእንቅልፍ በሽታ ተውሳክ ስለሚከላከሉ ነው። ከሁለቱ ወላጆቹ የወረሳቸው ሰው ግን ለኩላሊት መድከም፣ በተለይ ኤችአይቪ ለሚያመጣው የኩላሊት ሕመም፣ በጣም የተጋለጠ ነው። ከአሜሪካ ጥቁሮች 13 በመቶ ያህሉ እንዲህ ናቸው። በ2011 በእስራኤል ተመራማሪዎች የታተመ፣ እዚያ የሚታከሙ ኤችአይቪ ያለባቸውን ቤተ እስራኤላውያን ጭምር የመረመረ ጥናት እነዚህ ለውጦች በኢትዮጵያውያን ላይ እንደሌሉ አሳይቷል፤ ያ የኩላሊት ሕመምም አልታየባቸውም። ስለዚህ «ጥቁር ነው፣ ለኩላሊት ሕመም በዘሩ የተጋለጠ ነው» የሚል ሐኪም አባትዎን ካየ እየገመተ ነው፤ የሚመረመር ዘረ መል አለ፣ ፊት ደግሞ ዘረ መል አይደለም።

አሁን ለአባትዎ የሚደረገው። ከሁሉ በፊት የሽንት አልቡሚንና ክሪያቲኒን ንጽጽር (አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ምን ያህል ወደ ሽንት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ምርመራ) ይጠይቁ፤ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል። ከ30 ሚሊ ግራም በግራም በታች ደህና ነው፣ ከ30 እስከ 300 ከፍ ያለ፣ ከ300 በላይ በጣም ከፍ ያለ። ኢጂኤፍአር 47 ሆኖ ሽንቱ ንጹሕ የሆነ ሰውና 47 ሆኖ አልቡሚን 600 የሆነ ሰው በአንድ ደረጃ ቢጻፉም አደጋቸው በጣም የተራራቀ ነው። የሚገርመው፣ ይህን ቀላል ምርመራ ሳያደርጉ ዓመታት የሚቆዩ የደም ግፊት ታካሚዎች መብዛታቸው ነው።

ሁለተኛው ሲስታቲን ሲ የሚባል የደም ምርመራ ነው። በጡንቻ ብዛት ብዙም ስለማይወሰን የማባዣው ክርክር የተነሳበትን ችግር ከሥሩ ያልፈዋል፤ ከክሪያቲኒን ጋር አንድ ላይ ሲሰላ በጥቁርና በሌላው መካከል ያለው የግምት ልዩነት በእጅጉ ይጠባል። የ2021ዱ ግብረ ኃይልም እንዲስፋፋ የመከረው ይህንኑ ነው። የራሱ ማዛቢያዎች አሉት፦ ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ ስቴሮይዶች፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የሰውነት ብግነት። አባትዎ ከእነዚህ ከሌሉባቸው አንድ ጊዜ ቢሠሩት 47ቱ እውነት መሆን አለመሆኑ በተሻለ ይታወቃል።

ክሪያቲኒኑን ራሱን የሚያዛቡትንም ይወቁ፤ እኛ ዘንድ ይህ በዓመት ውስጥ ይለዋወጣል። የበሰለ ሥጋ ውስጥ ያለው ክሪያቲን ሲበስል ወደ ክሪያቲኒን ስለሚለወጥ፣ ከትልቅ የሥጋ ምግብ በኋላ ያሉት ሰዓታት ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ጥሬ ሥጋ እምብዛም አያደርገውም። በሁዳዴ ጾም መጨረሻ የተቀዳ ደምና በፋሲካ ማግስት የተቀዳ ደም በዚህ ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ያለውን ምሽት ሥጋ ይተዉ፣ ውሃ እንደ ልማድዎ ይጠጡ፤ ውሃ ሳይቀመስ ሙሉ ቀን ጾሞ ደም መስጠትም ቁጥሩን ያጣምማል። ኮትሪሞክሳዞልና ሲሜቲዲን የተባሉት መድኃኒቶች ኩላሊቱን ሳይጎዱ ክሪያቲኒንን ያስነሣሉ። አዲስ አበባ የተሠራና ሜሪላንድ የተሠራ ውጤት ሲያነጻጽሩ የምርመራ ዘዴውን ይጠይቁ፤ ጃፌ የሚባለው የድሮ ዘዴ በከፍተኛ ስኳር፣ በኬቶንና በአንዳንድ አንቲባዮቲኮች ይታለላል፣ በኢንዛይም የሚሠራው እምብዛም አይታለልም። ከአውሮፓ የመጣ ውጤት በማይክሮ ሞል በሊትር ከተጻፈ በ88.4 ያካፍሉት፤ 141 ማለት 1.6 ነው። በብሪታንያ የጤና መመሪያው የዘር ማስተካከያውን በ2021 አንሥቷል፤ በሌላ አገር ያሉ ዘመዶች ግን ወረቀቱ ላይ የቀመሩን ስምና ዓመት ማየት አለባቸው፤ «ሲኬዲ-ኢፒአይ 2021» ካላለ ይጠይቁ።

በመድኃኒት በኩል አንድ የዘር ቅሪት አለና ንቁ። የአሜሪካ የደም ግፊት መመሪያዎች ለጥቁር ታካሚ መጀመሪያ አምሎዲፒን ወይም የሽንት መድኃኒት ሲመክሩ ኖረዋል። ይህ ግን ኩላሊቱ ላልታመመ ሰው ነው። በ2002 የታተመ፣ የደም ግፊት ኩላሊታቸውን የጎዳ 1,094 ጥቁር አሜሪካውያን የተሳተፉበት ጥናት ራሚፕሪል ከአምሎዲፒን ይልቅ የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገይ አሳይቷል። የአባትዎ ሽንት አልቡሚን ካሳየ የ«ፕሪል» ወይም የ«ሳርታን» ቤተሰብ መድኃኒት ካልታዘዘላቸው ምክንያቱን ይጠይቁ። ሲጀመር ክሪያቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ደንግጦ መድኃኒቱን ያቋርጣል። ፖታሲየምና ክሪያቲኒን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት መፈተሽ አለባቸው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ለጉልበት ሕመም በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነ ያቁሙ፤ ኢቡፕሮፌን ሱቅ ስለሚሸጥ ሐኪሙ ላያውቅ ይችላል። ስኳር ኖሯቸው ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ከ30 በታች ክልክል ነው፣ ከ30 እስከ 45 ባለው አዲስ አይጀመርም። ከድሮው ቁጥር ወደ አዲሱ መሸጋገሩ ብቻ አንዳንድ ሰውን ከእነዚህ መስመሮች ማዶ ስላወረደ፣ መድኃኒት ከመቀየሩ በፊት ሲስታቲን ሲ መሥራት ተገቢ ነው።

ከቤተሰብዎ ወይም ከወዳጆችዎ መካከል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ካለ ይህን ያድርሱለት። የአሜሪካ የንቅለ ተከላ ሥርዓት ዘር ያለበትን ስሌት በ2022 ከለከለ፤ ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ ማዕከላት በማባዣው ምክንያት ወረፋ የዘገየባቸውን ጥቁር ታካሚዎች ፈልገው ጊዜያቸውን ወደ ኋላ እንዲያስቆጥሩላቸው ግዴታ ሆነ። ከ14,000 በላይ ሰዎች በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ተጨምሮላቸዋል። የሚያስፈልገው ቀኑ የተጻፈበት የድሮ የላብራቶሪ ወረቀት ነው። የ«ጥቁር» ቁጥሩን እንደ ቀመሩ በ1.159 ወይም በ1.212 ያካፍሉ፤ 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወረፋው ከዚያ ቀን መቆጠር ይችላል። ሁለት ነገር እዚህ ይበላሻል። አንደኛው፣ በሌላ ክሊኒክ የተሠሩ የቆዩ ወረቀቶች ወደ ንቅለ ተከላው ማዕከል አለመድረሳቸው ነው፤ ማዕከሉ ያላየውን ማስላት አይችልም። ሁለተኛው፣ ብዙ ሐበሻ መዝገብ ሲሞላ ዘር በሚለው ላይ «ሌላ» ብሎ መጻፉ ነው። ላብራቶሪው በጥቁር ማባዣ አስልቶት፣ መዝገቡ ደግሞ «ሌላ» ስለሚል ፍለጋው ላይ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። ማዕከሉን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከኩላሊት ውጭ ሁለት ነገር በአጭሩ፣ ጥያቄው ስለሚነካቸው። የጣት ኦክስጅን መለኪያ በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል፤ በ2020 መጨረሻ የታተመ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ሲያነብ እውነተኛው ከ88 በታች የነበረባቸው ከጥቁር ታካሚዎች ልኬት 11.7 በመቶ፣ ከነጮች 3.6 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ቤት ውስጥ ሲለኩ እጅን አሙቀው፣ ሂናም እንሶስላም የጥፍር ቀለምም በሌለበት ጣት፣ ቁጭ ብለው፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሆኖ 93 ካለ ቁጥሩን አምነው አይቀመጡ።

ሌላው ኒውትሮፊል የተባለው፣ ተህዋስን የሚዋጋ የነጭ ደም ሴል ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ጤነኛ ሆነው ሳለ ቁጥሩ ከ1,500 በታች ይወርዳል፤ በዚህ የተነሳ የአጥንት መቅኒ ናሙና የተወሰደባቸው፣ የካንሰር መድኃኒታቸው የዘገየባቸው አሉ። እዚህ ላይ ልዩነቱ የእውነት ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል፣ ዳፊ የተባለው የደም ዓይነት ቀይ ሴሎቻቸው ላይ አለመኖሩ። ነገር ግን ሁሉም ኢትዮጵያዊ እንዲህ አይደለም፤ ዳፊ ያላቸውም ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍም፣ «ዝቅ ብሏልና መቅኒው ይወጋ» ማለትም ሁለቱም ግምት ነው። የዳፊ ምርመራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ መዝገባቸው ላይ ቢጻፍ ለዕድሜ ልክ ይበቃል።